የበልግ ዝናብ ሳይቀድመን፦ የሐረር ጓሮን ለተከላ ማዘጋጀት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሐረር ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ሲንጎዳጎድ ቤተሰቡ በሙሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ተመለከተ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዘንቦ አባራ። መሬቱ ረስርሷል ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ቡናማ ጎርፍ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገድ ይወርዳል። ጣቴን ወደ አፈሩ ስሰድ ግን ከሁለት ጣት በታች ያገኘሁት ያንኑ የጥር አቧራ ነበር። ያ ሁሉ ውኃ በላዩ አልፎ ሄዷል፤ ሲሄድም የጓሮዬን ለም አፈር ይዞ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ዶማ ማንሳት ተውኩ። አሁን ሥራዬን የምጀምረው ዝናቡ ከመምጣቱ ስድስት ሳምንት ቀደም ብዬ፣ በጥር መጨረሻ ነው። የበልግ ጓሮ የሚሠራው በደረቁ ወቅት ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ የሚቀረው መትከል ብቻ መሆን አለበት።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለዘብ ያለ ነው። ዝናቡ በሁለት ዙር ይመጣል። በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዘልቆ ሚያዝያ ላይ ይበረታል፤ ሰኔ ላይ ይሳሳል፤ ክረምቱ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘንባል። ስለዚህ የተዘጋጀ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ድሬዳዋ ያላችሁ ከእኛ የምትርቁት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ሙቀቱ ሌላ ነው። የዝግጅቱ ሥራ ለእናንተም ያው ነው፤ ነገር ግን ጥላና ውኃ ጨምሩ፣ ድንቹንም ለደጋው ተዉለት። ሌሊቱ ሲሞቅ ድንች ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

ጓሮውን መመልከት

አንድ ቀን ምንም ሳትነኩ ጓሮውን ተመልከቱ። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ወጥታችሁ ፀሐይ የት እንደምታርፍና የግንቡ ጥላ የት እንደሚወድቅ ምልክት አድርጉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ድንች ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በግማሽ ጥላ ይኖራሉ።

ቀጥሎ ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አጥኑ። ሐረር ተዳፋት ናት፤ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ በኩል ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የቦረቦረው መስመር እስካሁን ይታያል። መደቦቻችሁ ያንን መስመር በአግድም መቁረጥ አለባቸው እንጂ አብረውት ቁልቁል መውረድ የለባቸውም። ደረጃውን ለመለካት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውኃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ተዋሱ፤ በሁለቱ ጫፎች ውኃው እኩል የቆመበት ቦታ አንድ ደረጃ ላይ ነው። ተዳፋቱ ከበረታ ድንጋይ ደርድራችሁ እርከን ሥሩ። የሐረርጌ ገበሬ በየተራራው ወገብ ላይ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፤ ለትንሽ ጓሮም ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

አፈሩን በእጅ ማወቅ

ከጓሮው ሦስት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠልቃችሁ አፈር ውሰዱና ቀላቅሉት። ግልጽ ጠርሙስን እስከ ሲሶው በዚህ አፈር ሙሉት፤ ውኃና ትንሽ የልብስ ሳሙና ጨምራችሁ በኃይል ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በአንድና በሁለት ደቂቃ ይዘቅጣል፤ ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ በላዩ ያርፋል፤ ሸክላው እስከ ማግስቱ ይቆያል። በማግስቱ የየንብርብሩን ውፍረት ስታዩ የአፈራችሁን ጠባይ ታውቃላችሁ። አሸዋው ከበዛ ውኃ አይይዝም፤ ሸክላው ከበዛ ውኃ አያሳልፍም። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፦ ብስባሽ። ሸክላ አፈር ላይ አሸዋ መጨመር ብዙ ሰው የሚያደርገው ስህተት ነው። ጥቂት አሸዋ ሸክላን እንደ ጡብ ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም።

ሌላ ፈተናም አለ። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውኃ ሙሉበትና እስኪሰርግ ጠብቁ፤ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በማግስቱም ካለ፣ ያ ቦታ በነሐሴ የእጽዋትን ሥር ያበሰብሳልና ከፍ ያለ መደብ ያስፈልገዋል።

ማጽዳት

የአምናውን አገዳና የደረቀ ግንድ አንሱ። የታመመ የቲማቲምና የድንች ቅሪት ወደ ብስባሹ አይግባ፤ አርቃችሁ አቃጥሉት። ሰርዶ ያለበት ቦታ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዶማ ቆራርጣችሁ ከተዋችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። ሥሩን ተከትላችሁ በእጅ ልቀሙትና በየካቲት ፀሐይ ድንጋይ ላይ አስጡት፤ ሲሰባበር ብቻ የሞተ ነው።

የቅንጬ አረም፣ በእኛ አካባቢ ፋራምሲሳ የሚባለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ አረም ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ምሥራቁን ሲያስለቅስ ኖሯል። አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው፤ አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ቆዳ ያሳክካል፤ ለአንዳንዱ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ጓንት አድርጋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ከማበቡ በፊት ከነሥሩ ንቀሉት። አንዴ ካበበ ወደ ብስባሽ መጨመር ለራስ መርዝ መዝራት ነው።

ብስባሽ፦ የሥራው ልብ

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ብስባሽ ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ አጉድሎም ያመርታል። ብስባሽ የሌለው ግን የቀረውን ሁሉ አሟልቶም ይቸገራል። ዝናቡ ላዩን ሸርተት ብሎ እንዳይሄድ የሚያደርገው፣ አፈሩን እንደ ስፖንጅ የሚያላላው እሱ ነው።

ክምሩ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትርም ቁመት ይኑረው፤ ከዚህ ካነሰ አይግልም። ከታች የተቆራረጠ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ አንጥፉ፤ አየር ያስገባል። በላዩ አንድ ስንዝር ደረቅ ነገር፣ አንድ ስንዝር አረንጓዴ ነገር፣ ሦስት ጣት ፍግ፣ በስሱ አፈር እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱን ንብርብር ውኃ እያርከፈከፋችሁ ደርድሩ። እርጥበቱ ትክክል የሚሆነው ጭምቅ ስታደርጉት ጠብ የማይል፣ እጅን ግን የሚያረጥብ ሲሆን ነው። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስትመዙት ከሞቀና ከረጠበ ሥራው እየሄደ ነው፤ ከቀዘቀዘና ከደረቀ ውኃ ይፈልጋል፤ ከቀዘቀዘና ከገማ ደግሞ ውኃው በዝቷልና ደረቅ ነገር ጨምራችሁ አገላብጡት። በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ አትርሱ። እንዲህ ከተያዘ ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል።

በሐረር የብስባሽ ጥሬ ዕቃ የሚያልቅበት ቤት የለም። የቡናው አተላ አለ፤ የአትክልት ልጣጭ አለ፤ የአህያ ፍግ በየመንገዱ አለ። ከጫት የሚተርፈው ገረባም በየማለዳው በጆንያ ይጣላል። ገረባ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ጥሩ አረንጓዴ ንብርብርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ጫቱ ፀረ ተባይ ይረጭበት እንደሆነ ከማታውቁት ቦታ የመጣውን ለቅጠላ ቅጠል መደብ አታውሉት፤ ለዛፍ ሥር ይሁን።

ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ግን ፈጽሞ አይጨመር። በሌላ ከተማ ይህ የሚነገረው ለአይጥና ለዝንብ ነው፤ በሐረር ለጅብ ነው። አባቶቻችን አሮጌዋን ከተማ በከበበው በጁገል ግንብ ላይ ለጅቡ መተላለፊያ ቀዳዳ፣ ወራባ ኑዱል፣ የተዉለት ጉርብትናው የቆየ ስለሆነ ነው። አጥንት የሸተተው ጅብ የእሾህ አጥር አያግደውም፤ ክምሩን በትኖ፣ መደቡንም ረግጦ ይሄዳል።

በጥር መጨረሻ የተጀመረ ብስባሽ ለበልጉ አይደርስም፤ ለክረምቱ ተከላ ይሆናችኋል። ለአሁኑ ያረጀ ፍግ ፈልጉ። ያረጀ ፍግ ይፈረፈራል፣ አይሸትም፣ እጅ ሲነካው አይሞቅም። የዶሮ ኩስ በተለይ ይጠንቀቁት። አንድ ዓመት ትኩሱን ቀጥታ የቃሪያ መደብ ላይ ነስንሼ፣ በአራተኛው ቀን የአርባ ችግኝ ቅጠል ጠርዙ ተቃጥሎ፣ በሳምንቱ ግንዱ ደርቆ አገኘሁት። አሁን የዶሮ ኩስ የሚገባው በብስባሽ ክምር በኩል ብቻ ነው።

መደብ ማውጣት

የካቲት ሲገባ መሬቱ ድንጋይ ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት ባለው ምሽት ውኃ አርከፍክፉበት፤ ጠዋት ዶማው ይገባል። አፈሩ ጭብጥ ሲያደርጉት ተያይዞ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት መፈርፈር አለበት። ከተጣበቀ ረጥቧልና ተዉት፤ እርጥብ አፈር ሲቆፈር ጓል ይሆናል፣ ጓሉም ወቅቱን ሙሉ አይለቅም።

የመደቡ ስፋት ከአንድ ሜትር እስከ 1.20 ሜትር ይሁን። ከግራም ከቀኝም እጅ መሐሉ ድረስ ይድረስ፤ እግር ግን መደብ ላይ አይውጣ። በመደቦች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር መንገድ ተዉ። ጓሮው ተቆፍሮ የማያውቅ ከሆነ ላዩን አፈር እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አውጥታችሁ ወደ አንድ ጎን ከምሩት፤ ከሥሩ ያለውን ሌላ 25 ሴንቲ ሜትር ሳታወጡ እዚያው አላሉት፤ ብስባሽ ጨምሩበት፤ ከዚያ የላዩን መልሱ። ለሙ አፈር ከላይ፣ ጭንጫው ከታች ይቆይ። የከተማ ጓሮ ውስጥ የግንባታ ፍርስራሽ፣ የሲሚንቶ ቁራጭና ሚስማር መውጣቱ የማይቀር ስለሆነ ጫማ አድርጉ። ይህ ከባድ ቁፋሮ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ላዩን ማላላት ይበቃል።

በየካሬ ሜትሩ አንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ወይም ያረጀ ፍግ በትናችሁ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ጋር ቀላቅሉና በሬክ አስተካክሉት።

መደቡ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ ለሚለው የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በበልግ ዝናቡ ይቆራረጣልና አሸዋማ አፈር ላይ መደቡ ከመንገዱ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በአፈር ይከበብ፤ ጠብታው ሁሉ ውስጥ ይቀራል። ሸክላ አፈር ላይ፣ ወይም የጉድጓዱ ፈተና ውኃ ያቆረበት ቦታ ላይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

ጁገል ውስጥ ግቢያችሁ በድንጋይ የተነጠፈ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። የተቆረጠ ጀሪካን፣ አሮጌ በርሜል፣ የማዳበሪያ ከረጢት ሁሉም ያበቅላል። ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሰላጣ በዕቃ ውስጥ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

አሸንዳና ሮቶ

በሐረር ስለ ጓሮ ተናግሮ ስለ ውኃ ዝም ማለት አይቻልም። ለከተማችን ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲደርቅ አይተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ውኃው ለመስኖና ለከተሞች ያለ ልክ ተስቧል፣ ከዙሪያው ተራሮች ታጥቦ የወረደው ደለልም ሐይቁን ሞልቶታል። ከአጥሬ ሥር ሾልኮ የወጣውን ቡናማ ውኃ ሳይ የማስበው ይህንን ደለል ነው።

ስለዚህ በየካቲት አሸንዳውን ጥረጉ፤ የላላውን አጥብቁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። የ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 800 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ባክኗል ብትሉ እንኳ 640 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ 32 ጀሪካን፣ ይቀራችኋል። አሥር ካሬ ሜትር መደብ በቀን 50 ሊትር ቢጠጣ ይህ ለ12 ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የወራት አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው አታስገቡት፤ ወደ ዛፍ ሥር ልቀቁት።

የውኃው ዕቃ ሁሉ ክዳን ይኑረው፤ ክዳን ከሌለው በጥቅጥቅ ጨርቅ ይታሰር። በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያስጨነቀው ቺኩንጉንያ የሚተላለፈው በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ውኃ በምትራባ ትንኝ ነው። ክፍት በርሜል ለአትክልት የተያዘ ውኃ መሆኑ ትንኟን አያግዳትም።

ዘርና ችግኝ

ዘር ስትገዙ የሚያልፍበትን ቀን አንብቡ፤ ካለፈው ዓመት የተረፈ ካላችሁ ፈትኑት። ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በስስ ፌስታል ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በአሥረኛው ቀን አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው፤ አሥር ብቻ ከበቀለ አብዝታችሁ ዝሩ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ጣሉት።

የችግኝ ጊዜ ይለያያል። ቀይ ሽንኩርት ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅ ከሌላው ሥራ ሁሉ ቀድሞ በጥር አጋማሽ ይዘራል። ቃሪያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋልና በጥር መጨረሻ ይዘራ። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚበቃቸው በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ዝሯቸው። የችግኝ መደቡ በደንብ የተነፋ አፈር ይሁን፤ መስመሮቹ አንድ ጋት ይራራቁ፤ ዘሩ የራሱን ውፍረት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል አፈር ይልበስ። በደረቅ ሣር ሸፍናችሁ ጠዋት ጠዋት በስሱ አጠጡ። ብቅ ሲል ሣሩን አንሱና በአራት እንጨት ላይ ከፍ ያለ ጥላ አድርጉለት። ከተከላው በፊት ባሉት አሥር ቀናት ጥላውን ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ውኃውንም አሳሱ። ተንቀባሮ ያደገ ችግኝ በመጀመሪያው ፀሐይ ይጠወልጋል።

ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ መነቀል አይወዱም፤ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራሉ። የካሮት ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉት።

ድንችን በየካቲት አጋማሽ፣ እንቁላል የሚያህለውን መርጣችሁ፣ ብርሃን ያለው ጥላ ውስጥ በአንድ ረድፍ ዘርጉት። በጨለማ የበቀለ ቡቃያ ነጭና ቀጭን ሆኖ ይሰበራል፤ በብርሃን የበቀለው አጭር፣ ወፍራምና ወይን ጠጅ መሰል ነው፤ የምንፈልገው ይህንን ነው። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ቡቡ የተባለው ዝርያ ለአካባቢያችን የተመረጠ በመሆኑ ካገኛችሁት እሱን ያዙ።

የፍራፍሬ ዛፎች

ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣና ኮክ ያላችሁ አዲስ ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት የደረቀውን፣ የተሻገረውንና ወደ ውስጥ ያደገውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። አዲስ ለምትተክሉት 60 ሴንቲ ሜትር በሁሉም ጎን የሆነ ጉድጓድ አሁኑኑ ቆፍሩና ክፍት ተዉት። የላዩን አፈር ለብቻ ከምሩ፤ በተከላ ቀን ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥር የሚመለሰው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ

ትልቁ ፈተና እዚህ ነው። ደመና ሲጠቁር ችግኝ ለማውጣት እጅ ያሳክካል። ታገሡ። በመጋቢት አንድ ጊዜ ዘንቦ ለሁለት ሳምንት የሚጠፋ ዝናብ ብዙ ችግኝ ፈጅቷል። ዝናቡ ባበቃ በማግስቱ መደቡ ላይ በአካፋ ትንሽ ጉድጓድ ቁረጡና ግድግዳውን ተመልከቱ፤ የጠቆረው እርጥብ ክፍል አንድ ስንዝር ካልደረሰ አትትከሉ። ከደረሰ፣ ሮቶውም ቢያንስ ግማሽ ከያዘ፣ ጊዜው ነው።

በደመናማ ቀን ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ትከሉ። የችግኝ መደቡን ቀድማችሁ አጠጡ፤ ችግኙን ሥሩ አካባቢ ካለው አፈር ጋር አንሱ፤ ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ያዙ። ቲማቲም እስከ መጀመሪያ ቅጠሎቹ ድረስ ጠልቆ ቢቀበር ከግንዱ ላይ ሥር ይጨምራል። ጥቅል ጎመንና ቃሪያ በነበሩበት ጥልቀት ይተከሉ። በቲማቲምና በቲማቲም መካከል ግማሽ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ ቅጠሉ ነፋስ ካላገኘ በሚያዝያ እርጥበት ይጠቁራል። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው ነውና አራርቋቸው። ድንቹን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በ75 ሴንቲ ሜትር መስመር፣ አንድ ጋት ከግማሽ ያህል ጥልቀት አኑሩት።

ሌሊት ግንዱን እየቆረጠ የሚጥል ትል አለ። በጋዜጣ ወረቀት የተሠራ ቀለበት፣ ግማሹ መሬት ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ ሆኖ ግንዱን ከከበበው ትሉ አይደርስበትም። በዚህ ወቅት በረዶ መጣሉ ያለ ነገር ነውና ቅርጫትና አሮጌ ጆንያ በረንዳ ላይ ይዘጋጁ።

ከተከላ እስከ ሰኔ

ችግኙ ቀና ብሎ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጀመሪያ ኮትኩቱና አርሙ፤ ከዚያ ጉዝጓዝ አልብሱ። ደረቅ ሣር፣ የቡና ገለፈት ወይም የረገፈ ቅጠል አራት ጣት ያህል ይነጠፍ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ምስጥ ያለበት ጓሮ ውስጥ ጉዝጓዙን አሳሱና ቶሎ ቶሎ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ድንቹ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አስታቅፉት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ፀሐይ ያየ ድንች ይመርራል፣ አይበላምም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲሳሳ ሮቶው ሥራ ይጀምራል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውኃውን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። በዚሁ ወር ለክረምቱ የሚሆነውን የጥቅል ጎመንና የሰላጣ ችግኝ ዝሩ፤ በጥር የጀመራችሁትን ብስባሽ ክፈቱ። ከሐምሌ በፊት ደግሞ ዝቅ አድርጋችሁ የሠራችሁትን የመደብ ክብ በታችኛው ጎን ቁረጡና ቦይ አውጡለት፤ የነሐሴ ውኃ መውጫ ይፈልጋል። ቦዩ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይኑረው፤ ታጥቦ የሚወርደው አፈር እዚያ ይጠራቀማል፤ በመስከረም በአካፋ አውጥታችሁ ወደ መደቡ መልሱት።